የበዛብህ ስለት የማን ነበር?



በንባብ ክበባችን በዚህ ዓመት ጀምረን የጨረስነው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። አንድ ብቻ ወይ ብላችሁ እንዳትስቁብን፤ መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ የምንገናኘውም እሑድ እሑድ ከቅዳሴና ከመዝሙር ጥናት በኋላ ነው፤ ግማሾቻችንም የዩኒቨርሲቲ ፈተና ሲያሳድደን የሚከርም ነን። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ተራ በተራ እያነበብን፣ ድምፃችን ሲደክም ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን በስልክ ከፍተን እያዳመጥን ዘለቅነው። ወላጆቻችን ሬዲዮ ከብበው በየሳምንቱ በናፍቆት የጠበቁትን ትረካ እኛ በየካ ተራራ ግርጌ፣ ዝናብ ሲጥል አንዱ የሌላውን ድምፅ በማይሰማባት የቆርቆሮ አዳራሻችን ውስጥ ሰማነው።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ግን የመጽሐፉ መጨረሻ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ በተነበበበት እሑድ አንድ ወንድማችን ከመቀመጫው ተነሥቶ አንዲት ቃል ሳይናገር ወጣ። ኀዘኑ ጠንቶበት ይሆናል ብለን ተውነው፤ ከእኅቶቻችንም አንዳንዶቹ እያለቀሱ ስለ ነበር ነገሩ እንግዳ አልሆነብንም። የወጣበትን ምክንያት የሰማነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

በመጀመሪያ ግን መጽሐፉን ላላነበቡ ወይም ለረሱ ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። በዛብህ በጎጃም፣ ማንኩሳ፣ ከድሃ ቤት የተወለደ ልጅ ነው። በሕፃንነቱ ታሞ ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው ከተረፈላቸው ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሊሰጡት ተሳሉ። ልጁም ተረፈ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማረ፣ ቅኔ ዐወቀ፣ ኋላም በዲማ ጊዮርጊስ የትልቁ ባላባት የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆነ። መምህርና ተማሪ ተዋደዱ። ከዚያ በኋላ በመካከላቸው ሁለት ግድግዳ ቆመ። አንደኛው የፊታውራሪ የዘር ኩራት ሲሆን ሁለተኛው በራሱ በበዛብህ ልብ ውስጥ ያለው፣ በእርሱ አፍ ያልተነገረው ስለት ነው። ነገሩ ሲገለጥ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ ሰብለ ወንጌልም በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ፍለጋ ወጣች። አገኘችው፤ ያገኘችው ግን ሞት አፋፍ ላይ ነበር። እርሱ ሲሞት እርሷ መንኩሳ በመቃብሩ አጠገብ ቀረች።

እንግዲህ ይህ መጨረሻ ለምን እንዲህ እንዳንገበገበን ማሰብ ያስፈልጋል። የመጽሐፉ ስም ራሱ ከሽፋኑ ላይ «መቃብር» ብሎ እየነገረን፣ ከ500 ገጽ በላይ ሙሉ «ምናልባት ይተርፉ ይሆናል» ስንል መክረማችን የሚያስቅ ነገር ነው። ነገር ግን እኛ በተረት ያደግን ልጆች ነን። አያቶቻችን ተረቱን ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» እያሉ ነው ያሳደጉን፤ ተረት በዳቦ ያልቃል፤ ጅቡ ይቀጣል፣ የእንጀራ እናት ታፍራለች፣ ልጅቱ ትዳራለች። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የጦቢያ ታሪክ እንኳ ከጦርነቱና ከምርኮው ሁሉ በኋላ የሚያበቃው በሰርግ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ዳቦውን ነሱን።

ከእኛ መካከል የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚማር አንድ ወንድም አለ፤ እርሱ እንደ ነገረን ፈረንጆቹም ቢሆኑ በሚወደዱ ተረቶቻቸው መጨረሻ ሁልጊዜ ዳቦ አይሰጡም። ሉዊስ የተባለው ጸሐፊ ናርንያ ስለምትባል የተረት አገር ሰባት መጻሕፍት ጽፎ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 በወጣው በመጨረሻው ላይ ልጆቹን በባቡር አደጋ እንዲሞቱ አድርጎ ነው ወደ እውነተኛይቱ አገር ያገባቸው፤ አንዲቱን እኅታቸውን ሱዛንን ደግሞ ከውጭ አስቀርቷታል፤ በዚህ እስከ ዛሬ የሚቀየሙት አንባብያን አሉ። የሉዊስ ወዳጅ የነበረው ቶልኪንም ቀለበቱን ወደ እሳት ተራራ ያደረሰው ፍሮዶ ድሉ ከተገኘ በኋላ በመንደሩ መኖር አቅቶት በመርከብ ሲሄድ አሳይቶናል። ይህን የምንጠቅሰው ለማወዳደር አይደለም። በእነዚያ መጻሕፍት ከሞቱ ወይም ከመርከቡ ወዲያ ያለችው አገር በግልጽ ትታያለች ወይም በሩቁ ትሸታለች። በእኛ መጽሐፍ ግን የሚታየው መቃብርና በመቃብሩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት መነኩሲት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለአንባቢው እምነት ትተውለታል።

ስለዚህ «በዛብህን ማን ገደለው?» የሚለው ክርክር ሦስት እሑድ ወሰደብን። የሚበዙት «የጊዜው ሥርዓት ነው የገደለው» አሉ። የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የዘር ቆጠራው፣ ገበሬውን ከሰው ያለመቁጠሩ ባይኖር ኖሮ ሁለቱ ልጆች በሰላም ይጋቡ ነበር ማለታቸው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ጉዱ ካሣም በመጽሐፉ ውስጥ ያንን ሥርዓት ሲነቅፍ ነው የሚኖረው። ነገር ግን አንዲት እኅታችን አንድ ጥያቄ ጠየቀችና ክርክሩን አበላሸችው፤ «ፊታውራሪዎቹ እኮ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀርተዋል፤ ታዲያ መጽሐፉ ዛሬም እኛን ለምን ያመናል?» አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከዚያ ወጥቶ ከሄደው ወንድማችን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ጥቂት ሆነን በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ሽቅብ ወደ እንጦጦ ወጣን፤ እርሱም አብሮን ነበር። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ባሕር ዛፍ፣ ቀይ አፈር፣ የማገዶ ሸክም ጀርባቸውን ያጎበጣቸው እናቶች። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ከተራራው ክፍል አንዱን አሳምሮታል፤ እናቶቹ ግን እንደ ጎበጡ ናቸው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ከነገሡባት ከእንጦጦ ማርያም ደርሰን ከተሳለምን በኋላ ወደ ሰሜን የሚያሳይ አንድ ጉብታ ላይ ዐረፍ አልን። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚያወጣው መንገድ ይህንን ተራራ ተሻግሮ በሱሉልታ በኩል ነውና አንዱ ቀልደኛ «በዛብህ በዚህ አልፎ ይሆናል» አለ። ያን ጊዜ ወንድማችን፣

«እኔም እኮ የስለት ልጅ ነኝ» አለን።

የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ኩፍኝ ይይዘዋል። እናቱ በጀርባቸው አዝለው ይህንኑ ዳገት ወጡ። ለልጇ መዳን ጥላ ወይም ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ምንጣፍ የምትሳል እናት ብዙ ናት፤ በኅዳር ሚካኤል በየካ ሚካኤል ግቢ የቆመ ሰው ያንን ያውቃል። የእርሱ እናት ግን በዚያች ቀን ሌላ የሚሰጡት ነገር አልነበራቸውምና የተሳሉት እርሱን ራሱን ነው። ቢተርፍ ድቁና ተቀብሎ፣ ኋላም ገዳም ገብቶ እንዲያገለግል። ተረፈ። ድቁናውንም ተቀበለ። ዛሬ 21 ዓመቱ ነው፤ የምሕንድስና ተማሪ ነው፤ ከመንኩሴ ሕይወት ይልቅ ትዳር ይዞ፣ ልጆች ወልዶ፣ በሙያው እየሠራ እግዚአብሔርን ማገልገል ይመኛል።

«እናቴ ምንም አትለኝም» አለ። «ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ብቻ ዝም ብላ ታየኛለች። እና መጨረሻውን ስትነቡት የታየኝ፣ በዛብህ የሞተው ዕዳው ተጠይቆ ነው የሚል ነው። ጥያቄዬ ስለ መጽሐፍ አይደለም። እግዚአብሔር እንዲህ ያደርጋል ወይ?»

ወንድሞችና እኅቶች፤ ልብ ወለድ እያነበብን ሳለን ሰው እያነበብን እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባን። ከእኛ ማንም ደፍሮ አልመለሰለትም፤ ባለመድፈራችንም አናፍርም።

ነገሩን በወንድማችን ፈቃድ ለመምህራችን ነገርናቸው። እርሳቸውም ፍርድ አልሰጡንም። «የስለት ነገር እንደ ሰዉ ነው፤ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ እናንተ ግን እስከዚያ ዘሌዋውያን 27ን፣ ዘኁልቁ 30ን፣ መሳፍንት 11ንና የመጀመሪያ ሳሙኤልን መጀመሪያ አንብቡ» አሉን። ብዙዎቻችን ዘሌዋውያንን ስናነብ እንቅልፍ የሚመጣብን ነን፤ በዚያ ሳምንት ግን አልመጣም።

በዘሌዋውያን 27 ሰው ለእግዚአብሔር በስለት ሲሰጥ በገንዘብ እንዲዋጅ ዋጋ ተቈርጦለታል። ከ20 እስከ 60 ዓመት ላለ ወንድ 50 ሰቅል ብር፣ ከ5 እስከ 20 ላለ 20 ሰቅል፣ ከአንድ ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ወንድ ልጅ 5 ሰቅል ነው። ድሃም ከሆነ ካህኑ እንደ አቅሙ ይገምትለታል። ወንድማችን ይህን ሲሰማ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ «እናቴ በጊዜው ብትከፍል በ5 ሰቅል እገላገል ነበር፤ አሁን ተወድጃለሁ» አለ። በዘኁልቁ 30 ደግሞ በአባቷ ቤት ያለች ልጅ ብትሳል አባቷ በሰማበት ቀን ሊያፈርሰው ይችላል ይላል። ሕጉ የሰውን ቃል ያከብራል፤ ነገር ግን በችኰላ የወጣ ቃል ሰውን እንዳይውጠው በር አበጅቶለታል። በሌላው ወገን፣ መክብብ ተስሎ ከማይፈጽም ሰው ያልተሳለ እንደሚሻል ያስጠነቅቃል፤ ይህንንም ልናልፈው አልፈለግንም፤ በሩ አለ ማለት ቃል ዋጋ የለውም ማለት አይደለምና።

የዮፍታሔን ልጅ ታሪክ ያነበብነው በጸጥታ ነው። አባት ለድሉ ተሳለ፤ ዕዳውን የከፈለችው ልጅ ናት። ሁለት ወር በተራሮች ላይ እንድታለቅስ ብቻ ለመነች። የተሳለው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ሲሆን የሚመጣውን ነገር ከዚያ ታሪክ አብልጦ የሚያሳይ የለም፤ የበዛብህም ነገር የዚያ ዘመድ ነው።

ሐና ግን ሌላ ናት። እርሷም ገና ያልተፀነሰ ልጇን ተሳለች፤ ሰጠችም፤ በየዓመቱም ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ይሁን እንጂ በእናቱ ስለት ቤተ መቅደስ ውስጥ ያደገውን ሳሙኤልን እግዚአብሔር በሌሊት በስሙ ራሱን ጠራው፤ ልጁ ሳያውቅ ቀርቶ ወደ ዔሊ ሲሮጥ ደጋግሞ ጠራው፤ መልሱንም ከልጁ ከራሱ አፍ ጠበቀ። የእናቱ ቃል ቢበቃ ኖሮ ያ ሁሉ ጥሪ ለምን አስፈለገ? እናት ልጇን እስከ በሩ ልታደርሰው ትችላለች፤ «አቤት» የሚለው ግን ልጁ ነው። በዛብህን በዚህ መንገድ ስናየው፣ በመጽሐፉ ሁሉ ውስጥ «አቤት» እንዲል ዕድል የሰጠው ሰው አላገኘንም። ወላጆቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ከሚወዱት ልጅ በቀር የሚሰጡት ያልነበራቸው ምስኪኖች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ተመልሰን አስቀድሞ ያላየነውን ነገር ያየነው። ወላጆቹ ለአገልግሎት የሰጡት በዛብህ ልቡ በሰው ፍቅር ተይዞ ሞተ። ማንም ያልተሳላት፣ በባላባት ቤት በክብር ያደገች፣ ለትልቅ ሰው ሚስትነት የታጨች ሰብለ ወንጌል ግን በራሷ ፈቃድ ቆብ ደፋች። የምንኩስና ልብስ አስቀድማ ለመሰወር የለበሰችው ነበር፤ በመጨረሻ ግን እውነተኛ ልብሷ ሆነ። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቅኔ ተምረው ያደጉ ሰው ናቸው፤ በቅኔ ሰም ብቻ አይነበብም። ሰሙ የሞቱ ኀዘን ነው፤ ወርቁ ግን፣ በግድ የተሰጠው ሰው ሳይሰጥ ሲቀር ማንም ያልሰጣት ሰው ራሷን መስጠቷ ይመስለናል። ስለዚህ መጨረሻው የዕዳ ክፍያ ነው የሚለውን ፍርሃት አንቀበለውም። እግዚአብሔር በበዛብህ ሞት ስለቱን ያስከፈለ ቢሆን ኖሮ ገዳዩ በሬሳ የሚከፈለው ሆነ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ የአብርሃምን እጅ በቢላዋው ላይ የያዘው አምላክ አይደለም።

ይህን ሐሳብ በጉባኤ ስናቀርብ ደስ ብሎን ነበር። ያችው ክርክራችንን የምታበላሸው እኅታችን ግን እጇን አወጣች። «ሰብለ ወንጌል በፈቃዷ መነኰሰች ያላችሁት በምን ዐውቃችሁ ነው?» አለች። «ሁሉን አጥታለች፤ ወደ አባቷ ቤት መመለሻ የላትም፤ የምትወደው ሞቷል። ሌላ በር ያልቀረላት ሰው በቀረው በር ስትገባ ፈቃድ ትሉታላችሁ? ወንድ ቢሆን ስለት አሠረው ትላላችሁ፤ ሴት ስትሆን ኀዘን አሥሯት ሳለ ነጻ ናት ትላላችሁ።» በዚህ ላይ የተነሣው ጫጫታ የጥበቃውን አባት አስመጣብን። እኛም እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ የለንም። አንዳንዶቻችን፣ ኀዘን ወደ እግዚአብሔር የሚያደርስ መንገድ ሲሆን ስላየን፣ በኀዘን የተጀመረ ነገር ሁሉ ግዴታ ነው አንልም፤ ሌሎቻችን ግን እኅታችን ትክክል ናት እንላለን። ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው ሰዎች እንኳ በዚህ ሁለት ነን፤ «እኛ» እያልን መጻፋችን አያታላችሁ።

ወንድማችን ወደ ንስሐ አባቱ ሄዷል። የተባባሉት የእነርሱ ነው፤ አልጠየቅንም። እኛ የምናውቀው ከዚያ በኋላ እናቱን እንዳነጋገራቸው ነው። ለብዙ ዓመት የፈራውን ነገር በአንድ ምሽት ነገራቸው። እናቱ አልተቈጡም፣ አላለቀሱም፤ «መጽሐፍ ነው እንዲህ ያናገረህ?» ብለው ጠየቁት። አዎን አላቸው። «እንግዲያው ለእኔም ይነበብልኝ» አሉ። እርሳቸው ፊደል አልቈጠሩም።

ስለዚህ አሁን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት አራት ሆነን ከኮተቤ ወደ ላይ ባለው ቤታቸው እንሄዳለን። እርሳቸው ቡና ያፈላሉ፤ እኛ እናነባለን። ከመጀመሪያው ጀመርን፤ ገና ማንኩሳ ነን። ሕፃኑ በዛብህ ታሞ ወላጆቹ በሚሳሉበት ቦታ ላይ ስንደርስ አንባቢው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሁላችንም ወደ ምንጣፉ አየን። እማማ የቡናውን መቍያ ከእሳቱ ላይ አንሥተው በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ። ቡናው መጨስ ጀመረ።

«እናቱ ምን ታድርግ?» አሉ። «እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ሌሊት ነው፤ ልጁ በእጇ ላይ እየነደደ ነው፤ በቤቷ ውስጥ ከእርሱ ሌላ ምን አላት?»

ልጃቸው ከአጠገባቸው ነበር። መቍያውን ከእጃቸው ተቀብሎ ቡናውን እያመሰ፣ «ቀጥሉ» አለን፤ እኛም ቀጠልን።